የቀራንዮ መንገድና የመስከረም አበባ

ቀራንዮ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ ፍቺው «የራስ ቅል» ማለት ነው። በወንጌል ጎልጎታ በዚህ ስም ተጠርቷል። በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው ሠፈርም ስሙን የወረሰው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ደብር ነው። ስለዚህ በመስከረም ወር በዚህ ሠፈር በእግሩ የሚያልፍ ሰው የመስቀልን በዓል ታሪክ ከቦታው ስም ያነብባል፤ ንግሥት እሌኒ በ4ኛው ምዕተ ዓመት መስቀሉን የፈለገችው በኢየሩሳሌም ቀራንዮ አጠገብ ነበርና።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፣ ንግሥቲቱ ደመራ አስደምራ ዕጣን ባጤሰች ጊዜ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ምድር ሰገደ፤ ቆፋሪዎቹም የጢሱን ምልክት ተከተሉ። በየዓመቱ ሕዝቡ ችቦውን ይዞ፣ በአደይ አበባ አስጊጦ ወደ ደመራው የሚያደርገው ጉዞ የዚያ ፍለጋ መታሰቢያ ነው።

ይሁን እንጂ በዓሉ ሌላም ትርጉም አለው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ማለት የመንገድ መዘጋት ነበር፤ ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃ ይበዛል፣ ዘመድ ከዘመድ ይለያያል። መስቀል ሲደርስ ውኃው ይጎድላል፤ ነጋዴው ጭነቱን ያሰናዳል፤ የተራራቀውም ይገናኛል። በየዓመቱ የጉራጌ ተወላጆች ከየከተማው ወደ ትውልድ መንደራቸው መጉረፋቸው ለዚህ ምስክር ነው። ኦሮሞው በኢሬቻ በዓል እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃ ዳር ወርዶ ምስጋና ሲያቀርብም፣ ከክረምቱ በሰላም መሻገሩን ያከብራል። ይህ በዓል ከብዙ ዘመን በኋላ በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳግም ተከብሯል።

ሁለቱም በዓላት ያለ ሜዳ፣ ያለ እግር መንገድና ያለ ውኃ ዳር አይከበሩም። የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የድርጅቱ የ2003 ስምምነትም ከበዓሉ ጋር የተያያዘውን ሥፍራ የቅርሱ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ሥፍራውን የሚሠራውም የሚያፈርሰውም ግን በአብዛኛው የመሐንዲስ ንድፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሎ የተመረቀው መስቀል አደባባይ በዚህ ረገድ ጥሩ አብነት ነው፤ 1,400 ያህል መኪና የሚይዘው ማቆሚያ ከመሬት በታች በመሠራቱ ሜዳው ለደመራው ተርፏል።

ለቀራንዮ ይህን ያህል ወጪ አያስፈልገውም። በመስከረም ባልደረቦቹን ይዞ ቅርስ ለማስጎብኘት የሚወጣ ሰው ጉዞውን ከደብሩ ቢጀምር፣ በስተ ምዕራብ ወጨጫን፣ በስተ ሰሜን እንጦጦን እያሳየ፣ የምዕራቡን የከተማ ክፍል ውኃ ሰብስቦ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደውን የትንሹን አቃቂን ታሪክ ሊተርክ ይችላል። በመጨረሻም ማኅበርተኛው ሣር ላይ ተቀምጦ ዳቦ የሚቆርስበት ቦታ ያስፈልጋል። በከተማ ፕላን ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ የሚታየው ባዶ ወረቀት፣ ለሠፈሩ ሰው ደመራ የሚደመርበት፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት ሜዳ ነው። ንድፍ አውጪው መስመሩን ከማስመሩ በፊት ያንን ሜዳ በመስከረም ወር በእግሩ ሄዶ ቢያየው፣ ከቅየሳ መሣሪያው የማያገኘውን መረጃ ያገኛል።