ጥሬ ቪዲዮ፦ ከካሜራ በቀጥታ ወደ ኤዲቲንግ

‘ሮው’ ወይም ጥሬ ቪዲዮ፣ የካሜራው ሴንሰር የመዘገበው የብርሃን መረጃ ወደ ተጠናቀቀ ምስል ሳይቀየር የሚቀመጥበት ፋይል ነው። በተለመደው ቀረጻ ቀለሙን ካሜራው ራሱ ይወስናል፤ በጥሬው ግን ውሳኔው ለአርታኢው ይቆያል። በተሳሳተ የዋይት ባላንስ ልኬት ተቀርጾ አመድማ የመሰለ ጠይም ፊት፣ በተለይ ቃለ መጠይቁ ሊደገም የማይችል ከሆነ፣ በዚህ መንገድ ወደ ተፈጥሮ መልኩ ሊመለስ ይችላል። በብርሃን ብዛት ጨርሶ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም፤ ሴንሰሩ ያልያዘውን ጥሬ ፋይልም አያውቀውም።

ችግሩ ክብደቱ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ባለ 12 ቢት 4ኬ ጥሬ ምስል፣ ካልታመቀ፣ ለአንዲት ደቂቃ 18 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት ብላክማጂክ ሮው እና የአፕል ፕሮሬስ ሮው መረጃውን በማመቅ ይህን ሸክም ያቃልላሉ። የብላክማጂክን ፋይል በነፃ የሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ እንዳለ ይከፍተዋል። ሁሉም ሶፍትዌር ሁሉንም ዓይነት ጥሬ ፋይል ስለማይከፍት፣ ከዋናው ቀረጻ በፊት አጭር ሙከራ ማድረግ ያዋጣል።

አቅሙ ውስን በሆነ ላፕቶፕ ላይ ‘ፕሮክሲ’ የሚባል ቀላል ቅጂ ይዘጋጃል። መቁረጡና መቀጠሉ በቅጂው ይከናወናል፤ ቀለም ሲስተካከልና ሥራው ተጠናቆ ሲወጣ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። በመካከል የፋይሉን ስም መቀየር ይህን ትስስር ሊበጥስ ይችላል።

ለዕለታዊ ዜና ይህ ሁሉ ድካም እምብዛም አያስፈልግም። ለዘጋቢ ፊልም ግን ጥሬው ፋይል በሁለት ዲስክ ሳይገለበጥ የካሜራው ካርድ መጥፋት የለበትም።