በአርሲ ደጋ የጤና ባለሙያዎች የመግቢያ ደረጃ ሥልጠና፤ ከድሬሰር እስከ ጤና ኤክስቴንሽን

በአርሲ ዞን ደጋማ ወረዳዎች የሚኖር አርሶ አደር ከቤተሰቡ አንዱ ሲታመም በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ሐኪም አይደለም። በቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ በጤና ጣቢያው ደግሞ ነርሱን፣ አዋላጇን፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያኑንና የፋርማሲ ባለሙያውን ያገኛል። አሰላ ወደሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታል በጊዜ የሚደርሰው እነዚህ ባለሙያዎች አደጋውን ለይተው ሲልኩት ነው። በመሆኑም በመግቢያ ደረጃ የሚሰጠው የጤና ሥልጠና የሚመዘነው በተመራቂዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ተመራቂው በተመደበበት ሥፍራ ብቻውን በሚሰጠው ውሳኔ ትክክለኛነት ጭምር ነው።

ሥልጠናው በአገሪቱ ረጅም ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ በማሠልጠን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች አቅርቧል። ከእነርሱ ቀጥሎ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ድሬሰሮችና ጤና ረዳቶች የገጠር ክሊኒኮችን ለአሥርተ ዓመታት ይዘው ቆይተዋል። በብዙ አካባቢ ኅብረተሰቡ ድሬሰሩን “ሐኪም” ብሎ ይጠራው የነበረውም ከእርሱ ሌላ ባለሙያ ባለመኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ሙያዎች ወደ ላይ የሚያድጉበት መሰላል በሚገባ አልተዘረጋላቸውም ነበር። በኋላ የጤና ረዳቶች ሥልጠና ሲቋረጥ ነባሮቹን በተጨማሪ ትምህርት ወደ ነርስነት ማሳደግ አስፈልጓል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው አሰላና አካባቢዋ ለኤክስቴንሽን አሠራር እንግዳ አይደሉም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የልማት ሠራተኛውን ከአርሶ አደሩ ጋር በማገናኘት፣ በሞዴል አርሶ አደሮች አማካይነት አዲስ ዘዴን ማስፋፋትን በዚህ ደጋ ሞክሯል። ልምዱ በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተነደፈው የግብርና ፓኬጅ ፕሮግራም መነሻ ሆኗል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከግብርና ኤክስቴንሽን ተመሳሳይ አስተሳሰብ ወስዷል። ፕሮግራሙ ሲጀመር 16 ፓኬጆች የነበሩት ሲሆን፣ እነርሱም የግልና የአካባቢ ንጽሕናን፣ የቤተሰብ ጤናን፣ በሽታን መከላከልንና የጤና ትምህርትን ያካተቱ ነበሩ። በሞዴል አርሶ አደር ምትክ ሞዴል ቤተሰብ ተተክቶ፣ አንድ ቤተሰብ 96 ሰዓት ሠልጥኖ ፓኬጆቹን በተግባር ሲያውል እንዲመረቅ ተደርጓል። በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ በተያዘው ዕቅድ መሠረት እስከ 2002 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሠልጥነው ተሰማርተዋል።

የምልመላ መስፈርቱ የሥልጠናው መሠረት ነው። ሠልጣኟ ከምትሠራበት አካባቢ የተገኘች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገርና 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች እንድትሆን ተደንግጎ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ምልመላው ወደ 12ኛ ክፍል አጠናቃቂዎች ተሸጋግሯል። በአርሲ ገጠር አፋን ኦሮሞ አቀላጥፋ የማትናገር ሠራተኛ የእናቶችን ምክር አገልግሎት በሚገባ ልትሰጥ አትችልም። መስፈርቱ ለዝምድና ወይም ለቁጥር ማሟያ ሲባል ሲጣስ ውጤቱ ከጥቂት ወራት በኋላ በዝውውር ጥያቄ መልክ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ጤና ጣቢያው በገጠር ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሕዝብ፣ ጤና ኬላው ደግሞ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታቀዱ በመሆናቸው፣ የቴክኒሽያኖች ብቃት በቀጥታ ሕይወትን ይነካል። ለአብነት ያህል፣ ብርድና መጨናነቅ በሚበዛበት ደጋ በቅማል የሚተላለፈው ትኩሳት ግርሻ ሲከሰት፣ ከወባ የሚለየው በማይክሮስኮፕ በሚታይ የደም ናሙና ነው። የላቦራቶሪ ቴክኒሽያኑ ናሙናውን በትክክል ካላቀለመና በጥንቃቄ ካላነበበ ሕመምተኛው የማይገባውን መድኃኒት ይወስዳል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብርቱ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ነርሱ ሕመምተኛውን ሳይሸኝ መከታተል ይኖርበታል። ይህን ዓይነቱን ችሎታ ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

በአሰላ የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያዎችን የሚያፈራ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲኖር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጤና ዘርፍ የዲግሪ ትምህርት ይሰጣል። የሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ለተግባር ልምምድ ዋነኛ ሥፍራ ነው። ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ሄንሪክ ሄይነ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚደረግ ትብብር የሚሠራው የሂርሽ የሐሩር በሽታዎች ሕክምና ተቋምም በከተማዋ ይገኛል። የዲግሪ ተማሪውም የኮሌጅ ሠልጣኙም በአንድ ሆስፒታል ሲለማመዱ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የሕመምተኛ ቁጥርና የአሠልጣኝ ጊዜ ይቀንሳል። መፍትሔው ሠልጣኞችን በየወረዳው ጤና ጣቢያዎች ማከፋፈልና በዚያ ያሉትን ነባር ባለሙያዎች በአሠልጣኝነት ማብቃት ነው። ሠልጣኙ በኋላ የሚመደበውም በአብዛኛው እንዲህ ባለ ጤና ጣቢያ ነው።

የኮሌጅ ምስክር ወረቀት ብቻውን ለቅጥር አያበቃም። ሥልጠናው በሙያ ደረጃ መስፈርት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሠልጣኙ የሙያ ብቃት ምዘና አልፎ የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ይኖርበታል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠናን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 954/2008 የምዘና ሥርዓቱን ይደነግጋል። ከዚያም ባለሙያው ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ሲያወጣ ብቻ በሥራ ሊሰማራ ይችላል። ሦስቱን ደረጃዎች ያላሟላን ሰው በክፍት መደብ ላይ ማስቀመጥ ለጊዜው ሪፖርት ቢያሳምርም፣ ስህተት በተፈጠረ ጊዜ ተጠያቂነቱ ከሠራተኛው አልፎ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤትም ይተርፋል።

የደረጃ ዕድገት ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጀመሪያ የሠለጠኑት ለአንድ ዓመት ሲሆን፣ ወደ ደረጃ 4 የሚያሳድጋቸው ሥልጠና የተከፈተላቸው ዘግይቶ ነው። በዚህ መካከል ለዓመታት በአንድ ደመወዝና በአንድ ማዕረግ የቆዩ ነበሩ። ከድሬሰሮችና ከጤና ረዳቶች ታሪክ የሚገኘው ትምህርትም ይኸው ነው። መሰላል የሌለው ሙያ ጠንካሮቹን ባለሙያዎች አስቀድሞ ያጣል።

በመሆኑም የወረዳ ጤናና ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤቶች ለኮሌጁ የሠልጣኝ ጥያቄ ከማቅረባቸው በፊት አራት ጉዳዮችን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። እነዚህም በበጀት የተደገፈ የሥራ መደብ መኖሩ፣ ምልመላው በቀበሌው ሕዝብ ፊት በግልጽ መከናወኑ፣ ተግባር ልምምዱ የሚካሄድበት ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ፣ የማዋለጃ ቁሳቁስና ተቆጣጣሪ ባለሙያ ያለው መሆኑ፣ እንዲሁም ሠራተኛው ከተመደበ በኋላ ለቀጣይ ትምህርት የሚላክበት ተራ በጽሑፍ መታወቁ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቢጓደል ለሥልጠናው የወጣው ገንዘብ ይባክናል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ግን ከሆስፒታል ርቆ በሚኖረው የደጋ ነዋሪ ላይ ነው።