የጓያ መርዝና የነርቭ ኤሌክትሪክ

ጓያ በድርቅ ዘመን የድኻ መጠጊያ ነው። ሌላው እህል ሲከዳ እርሱ ዝናም ባጣ መሬት ላይ ይበቅላል። ነገር ግን ለወራት ጓያን ብቻ ያህል የበላ ሰው እግሩ ይተሳሰርና በምርኩዝ ለመሄድ ይገደዳል፤ ሕመሙም አይድንም። በአገራችን ብዙ ገበሬዎች ጉዳቱ የሚመጣው ከጓያ እንፋሎትና ከአገዳው ጋራ ከመነካካት ነው ብለው ሲያስቡ ኖረዋል። በዚህ አይነቀፉም፤ የተማረው ዓለምም እውነተኛውን ምክንያት ያገኘው ከብዙ ድካም በኋላ ነው።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. ኢጣልያዊው ሐኪም ካንታኒ ሕመሙን ላቲሪዝም ብሎ ሰየመው። ዘጠና ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ1964 የሕንድ ሊቃውንት ኦዳፕ የተባለውን ቅመም ከጓያ ፍሬ ለይተው አወጡ። የቀረው ጥያቄ ቅመሙ በነርቭ ላይ ምን ይሠራል የሚል ነበረ።

የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ምት ነው፤ ስለዚህ የነርቭን መርዝ የሚፈትን ሰው ምቱን መለካት አለበት። ከርቲስና ዋትኪንስ በአውስትራልያ ለዚህ የሚሆን ዘዴ ነበራቸው። ጫፉ ከፀጉር የቀጠነ፥ ብዙ ቀዳዳ ያለው የመስተዋት ቧንቧ በማደንዘዣ በተኛች ድመት ኅብለ ሠረሠር ውስጥ ይገባል። አንዱ ቀዳዳ የሕዋሱን ምት ይመዘግባል፤ በሌሎቹ ያለው ቅመም በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ ከሕዋሱ አጠገብ ይፈስሳል። በ1959 ከፊሊስ ጋራ ሆነው ግሉታሜት ሕዋሱን እንደሚቀሰቅስ በዚህ መንገድ አሳዩ። በ1966 ደግሞ ከቢስኮ ጋራ ኦዳፕን ፈተኑ፤ ሕዋሶቹም በብርቱ ተነሣሡ።

እንግዲህ የጓያ መርዝ ነርቭን የሚጎዳው በማደንዘዝ ሳይሆን ያለ ልክ በመቀስቀስ ነው። ግሉታሜትን ስለሚመስል በግሉታሜት በር ይገባል፤ ዕረፍት ያጣው ሕዋስም ይጎዳል። ከአንጎል ተነሥተው እግርን የሚያዙ ነርቮች ዋነኞቹ ተጠቂዎች ናቸው።

ይህ ከታወቀ ሠላሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት፥ ድርቅ በመታቸው በደላንታና በዳውንት ሕመሙ እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው አሽመደመደ። ጓያን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፥ ከሌላ እህልም ጋራ መደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ነገር ግን በረኃብ ጊዜ የሚደፋ ውሃ፥ የሚነድ እንጨት፥ የሚደባለቅ እህል ከየት ይገኛል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ለክፉ ቀን የተጠራቀመ ጎተራ ነው።