የከተማ ድጎማና የመዝገብ ታሪክ በፉሪ ዙሪያ

መንግሥት ለመኖሪያ ቤትና ለሰፈር ልማት ገንዘብ በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አንደኛው ዕቅድ፣ ሁለተኛው ሪፖርት ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከመዝገብ ስለሆነ፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ቤት ከድጎማው ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩም ውጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁኔታ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ይልቁንም በፉሪ ዙሪያ ጐልቶ ስለሚታይ፣ አመጣጡን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው በወረሳቸው ቤቶች ነው። ያን ያህል ያልተነገረለት ግን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ የሰፈር ልማት ባለአደራ ማድረጉ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ቀበሌው ከኪራይ የሚሰበስበውንና ከመንግሥት የሚያገኘውን ገንዘብ በአነስተኛ ወጪ ለሚሠሩ ቤቶችና ለሰፈር ማሻሻያ እንዲያውል ታዘዘ። በሐሳብ ደረጃ ሲታይ መልካም ሥርዓት ነበር፤ ገንዘቡም ኃላፊውም ተጠቃሚውም በአንድ ሰፈር ይገኙ ነበርና። ዳሩ ግን ኪራዩ ተቀንሶ ለብዙ ዘመን በዚያው ስለረጋ ለጥገና እንኳ የማይበቃ ሆነ። የጭቃው ግድግዳ እየተቦረቦረ ሲሄድ መዝገቡ ግን በጥንቃቄ ተያዘ። የተከራዩ ስም፣ የቤቱ ቁጥር፣ የቤተሰቡ ብዛት ይጻፍ ነበር። የዚያን ዘመን ቀበሌ በብዙ ነገር መውቀስ ይቻላል፤ በክልሉ ማን እንደሚኖር አለማወቅ ግን ከወቀሳዎቹ አንዱ ሊሆን አይችልም።

የከተማው መዝገብ የሚያበቃው ከተማው በሚያበቃበት ነበር። የፉሪ ተራራ ግርጌ በዚያ ጊዜ የእርሻ አገር ሲሆን፣ መሬቱም በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት በገበሬ ማኅበር ሥር ይተዳደር ነበር። ከተማው ወደዚህ ሜዳ የመጣው ኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ቤት የተመዘገበው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ450,000 በላይ ሆነ፤ ዕጣውም ለሴቶች 30 በመቶ ተለይቶለት ሲወጣ፣ ብዙው ሕዝብ ተራውን እየጠበቀ ቀረ። ተራው ካልደረሰው መካከል ጥቂት የማይባለው ከገበሬ በመንደር ውል ቦታ እየገዛ በከተማው ዳርቻ ጐጆ ቀለሰ። ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ያለው ይህንን ነው። አዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሥርዓት ለማስያዝ በተነሣች ጊዜ ለማስረጃነት ከያዘቻቸው አንዱ በ1997 ዓ.ም. ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ የተሠራ ቤት እንግዲህ ባለቤቱ እንጂ ምስክር አልነበረውም።

በ2000 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም በኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት በዓለም ባንክ ብድርና ድጋፍ የከተሞች አካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. የተተካው ፕሮግራም ደግሞ 117 ከተሞችን አቀፈ። ድጎማው የሚለቀቀው በሥራ ውጤት ነው። ከተማው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ያወጣል፣ ሒሳቡን ያስመረምራል፣ ከዚያም ገለልተኛ ገምጋሚዎች በየዓመቱ ነጥብ ይሰጡታል። በዚህም ብዙ የድንጋይ ንጣፍ መንገድና የጐርፍ ቦይ ተሠርቷል፤ የማዘጋጃ ቤቶችም የሒሳብ አያያዝ ተሻሽሏል። ይህ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም የተነጠፈው መንገድ በሜትር ተለክቶ ሲቀርብ፣ ከመንገዱ ዳር ያለ ሰነድ የሚኖረው ሰው በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ቅጹ በግልጽ አይጠይቅም።

በአሜሪካ በ1966 ዓ.ም. የወጣው የቤትና የሰፈር ልማት ሕግ ድጎማ ተቀባዩን ሌላ ግዴታ ጨምሮበታል። ክፍለ ግዛቱ ወይም ከተማው ዕቅዱን በነዋሪዎች ፊት ለውይይት እንዲያቀርብ፣ በቤት ረገድ የዘር አድልዎ እንዳይኖርም እንዲተጋ ይገደዳል። አፈጻጸሙ እዚያም ቢሆን ሲያነጋግር ኖሯል፤ ነገር ግን ማን የት እንደሚኖር መጠየቁ ራሱ ከሪፖርቱ ሥራ ተቈጥሯል።

በኢትዮጵያ ይኸው ጥያቄ ለአደባባይ የበቃው በሌላ መንገድ ነው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣመረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲነገር ተቃውሞ ተነሣ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሐና ፉሪ በተባለው ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጠፋ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ክርክሩ ቤቶቹ የቆሙበት መሬት የማን እንደሆነ ነበር።

አዲስ አበባና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ስለ ወሰናቸው ተስማሙ። በ2015 ዓ.ም. ዙሪያውን የነበሩት ከተሞች ተዋሕደው ሸገር ከተማ ሲመሠረት ፉሪ አንዱ ክፍለ ከተማ ሆነ። በዚያው ዓመት በሸገር ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን ተከታትሎ ሪፖርት አወጣ። በሕጉ መሠረት ካሣ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ስለሆነ፣ በመንደር ውል ገዝቶ የሠራው ነዋሪ ለዓመታት ከኖረበት ቤት ሲወጣ በእጁ የያዘው ያንኑ የውል ወረቀት ነበር።