የኢ-ደንደሴ እንስሳት ስያሜ በአማርኛ፦ በአካል ወይስ በግብር?

የጀርባ አጥንት የሌላቸውን እንስሳት በአንድ ስም ማሰባሰብ ለምሁራንም ቀላል አልነበረም። አርስቶትል «ደም የለሽ» አላቸው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 «ነፍሳት» እና «ትሎች» ብሎ ለሁለት ሲከፍላቸው ቀንድ አውጣ ሳይቀር ከትል ተቆጠረ። ላማርክ በ1801 «አከርካሪ የሌላቸው» የሚለውን መጠሪያ የመጽሐፉ ርእስ አደረገው፤ የመማሪያ መጻሕፍታችን «ኢ-ደንደሴ» የዚሁ አመዳደብ ወራሽ ነው። የዕለት ተዕለቱ አማርኛ ግን እነዚህን ፍጥረታት የሚለየው ከውስጣዊ የአካል አሠራራቸው ይልቅ በሚታየው መልካቸውና ሰው ከእነሱ ጋር ባለው ጉዳይ ነው።

«ትል»ን እንመልከት። የመሬት ትል፣ የአንጀቱ ወስፋትና የጎመን ትል በሳይንሱ ምደባ በሦስት የተለያዩ ፋይለሞች ውስጥ ይገኛሉ፤ የጎመን ትል ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ክንፍ የሚያወጣ እጭ ነው። አማርኛ ለስላሳነታቸውን፣ ሞላላነታቸውንና መሳባቸውን አይቶ በአንድ ስም ጠራቸው። ቀንድ አውጣን ግን እንደ ሊኔየስ ከትል አልደባለቀም።

በአንጻሩ አንዱ ዝርያ ሁለት ስም የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ክንፍ ሳያወጣ በመሬት የሚተመው ኩብኩባ፣ ክንፍ አውጥቶ የሚበረው አንበጣ ይባላል። አመጣጣቸው ስለሚለያይ መከላከያቸውም ይለያያል፤ ለገበሬው ሁለት ስም ማስፈለጉ ከዚህ ነው። ብልና ተምች ሁለቱም የእሳት እራት እጮች ሲሆኑ፣ አንዱ በልብስ፣ ሌላው በሰብል ጥፋቱ ይታወቃል። «ነቀዘ» የሚለው ግስም ለእህልም ለጥርስም ያገለግላል፤ የትርጉሙ እምብርት ከውስጥ ተቦርቡሮ መበላሸት እንጂ ነቀዝ የሚባለው ጥንዚዛ አይደለም።

የሆድ ጥገኞች ስም ደግሞ ከእንስሳው አልፎ ይሄዳል። «ኮሶ» ትሉም፣ አበባው ተወቅጦ ለማስወጫ የሚጠጣው ዛፍም ነው። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል።

ይህ አመዳደብ ለኑሮ የሚበጅ ቢሆንም በግብርና ትምህርት ላይ ክፍተት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ የታየው መጤ ተምች በቆሎ የሚያወድመው በእጭነቱ ነው፤ ከቦታ ቦታ የሚዛመተው ግን በሌሊት በሚበረው የእሳት እራት አማካይነት ነው። ስሙ እጩን ብቻ ካስታወሰ፣ በወጥመድ የተያዘው የእሳት እራት የመጪው ጥፋት ምልክት መሆኑ ሊዘነጋ ይችላል። ስለዚህ የአማርኛ መዝገበ ቃላት «ተምች»ን ሲፈታ «ሰብል የሚበላ ትል» ብሎ ከማቆም ይልቅ የየትኛው እንስሳ የትኛው የዕድገት ደረጃ እንደሆነ ጨምሮ ቢያመለክት ሕዝቡ በግብር ያወጣውን ስም ሳይለውጥ ሳይንሱን ያስጨብጣል።