ሌሊት አሥር ሰዓት የተዘጋ ጨረታ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በክረምት ነው፤ ፍልሰታ ተይዞ፣ ከገርጂ እስከ ጃክሮስ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዘግቶ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ በየረር በኩል እየጠቆረ መጥቶ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰሞን። አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ፤ ስማቸውን ተዉት፤ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሥራ ቤታቸው ዕድሜያቸውን መሮና መላጊያ ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ማጭዱን ከወንዝ ዳር በተለቀመ ድንጋይ ስለው አጭደዋል፤ ከዚያም አዲስ አበባ ገቡና ከመርካቶ የሚገዛውን ካርቦራንደም የሚባል ሰው ሠራሽ መሳያ ለመዱ፤ ኤድዋርድ አቺሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1891 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ እሳት ውስጥ ያገኘውን ማለት ነው። ካርቦራንደም ብረት ይበላል፣ ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን መሮውን አውራ ጣት ላይ ሲሞክሩት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ታዲያ ቨርጂኒያ የሚኖር የእኅታቸው ልጅ ይህን ያውቅ ነበርና፣ አንድ ቀን ኢቤይ ላይ ለጨረታ የወጡ የሁለት አሮጌ ድንጋዮች ፎቶ በቴሌግራም ላከላቸው።

የመጀመሪያው በእንጨት ሣጥን የተቀመጠ፣ የፓይክ ኩባንያ «ሊሊ ዋይት» የሚለው ወረቀት የተለጠፈበት፣ ነጭና የሚያበራ ነው። ፓይክ ከአርካንሳስ የሚቆፈረውን ዋሺታ የሚባል ድንጋይ ሲሸጥ ኖሮ በ1932 እ.ኤ.አ. ኖርተን በሚባል ኩባንያ ተጠቅልሏል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ደግሞ ሰብሳቢዎችን ይጠራል። ሁለተኛው ሣጥን የለው፣ ስም የለው፣ የዘመናት ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ጥጉ የተሸረፈ ነው። ሻጩም «የአያቴ ድንጋይ» ብቻ ብሎታል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወልውለው፣ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ ቆዩ። ከዚያም፣ «የመጀመሪያውን ውሃ ቀብተው ነው ያነሱት» አሉ። ውሃ የነካው ድንጋይ ቀለሙ ይደምቃል፣ ጭረቱ ይጠፋል፤ ከሣጥኑ ካልወጣ ደግሞ ጎኑም ሥሩም አይታይም፤ ወረቀቱ ከሌላ ሣጥን ላይ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? «የሁለተኛውን ሻጭ ግን ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱንና ክብደቱን ጠይቅልኝ። በሚሳልበት ፊቱ ላይም ማስመሪያ አጋድሞ ፎቶ ያንሣልኝ።»

በማግሥቱ መልሱ መጣ፤ 20 ሴንቲ ሜትር በ5 በ2.5፣ ክብደቱ 560 ግራም። ሽማግሌው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጣውላ ላይ አባዙ፤ 250 ሆነ። 560ን ለ250 ቢያካፍሉት 2.24 ወጣ። የነጭ ድንጋይ ዘር የሆነው ኳርትዝ 2.65 ነው፤ የአርካንሳሱ ጠንካራና ልሙጥ ዓይነት ወደዚያ ይጠጋል፤ ዋሺታ ግን ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ወደ 2.2 ይወርዳል፤ ብረት የሚበላውም በዚሁ ነው። እርግጥ ሰው ሠራሹም አንዳንዴ እዚያ ቁጥር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ የተሸረፈውን ጥግ አስፍተው አዩት፤ ሰው ሠራሽ ቢሆን አሸዋ አሸዋ ይል ነበር፤ ይሄ ግን እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጥርት ብሎ የተላጠ ነው። በጎኑም ከዘይቱ ሥር የመጋዝ መሥመር ይታያል። ከማስመሪያው በታች ብርሃን የሚያልፈው መሐል ላይ በቀጭኑ ብቻ ነው፤ ያ በአሸዋና በውሃ ሲሚንቶ ላይ ታሽቶ የሚስተካከል ጉድጓድ ነው።

ጎረቤታቸው ባለ ሥጋ ቤቱ፣ በጾሙ ሥራ ፈትቶ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጥ ነበርና፣ «ጋሼ፣ ሰውየው የያዘውን ሳያውቅ እርስዎ አውቀው ዝም ማለትዎ አይከብድም?» አላቸው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌው መሮውን አስቀምጠው፣ «ለብቻው አግኝቼው በርካሽ ስጠኝ ብለው ይከብደኝ ነበር። ይህ ግን ዓለም ሁሉ የሚያየው ጨረታ ነው፤ እኔም ለእጄ የሚያወጣውን ሙሉ ዋጋ እጽፋለሁ» አሉት።

የዚያ ጨረታ ደንቡም እንዲህ ነው፤ ጣሪያህን በስውር ትጽፋለህ፤ የምትከፍለው ግን ያንን ሳይሆን ከሁለተኛው ተጫራች በአንድ እርከን ከፍ ያለውን ነው። የመዝጊያው ዋጋ የሚናገረው የሁለተኛውን ሰው ፍላጎት ነውና፣ ሻጭ የሚጠራውን ትታችሁ ቀድሞ የተሸጠበትን እዩ የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ እሱም ቢሆን የሰው ጉጉት ታሪክ ነው።

ቨርጂኒያ እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ሲል ገርጂ ሌሊት አሥር ሰዓት ነበር። ዝናቡ አባርቶ፣ ከሩቅ የሰዓታት ዜማ እየተሰማ፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ስልኩን ያዩ ነበር። ባለ ሣጥኑን ሁለት ሰዎች እልህ ተጋብተው ሰማይ አደረሱት፤ ጥቁሩ ግን ለልጁ ከሁለት ኪሎ ሥጋ ባነሰ ወጣ። ከዚያም ድንጋዩ ከሻጩ ዘንድ ቨርጂኒያ በፖስታ ተጓዘ፤ መላኪያው ከድንጋዩ በለጠ፤ ከዚያም አንዲት የሠፈር ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከሕፃን ልብስ ጋር ተጠቅልሎ ቦሌ ወረደ።

ሽማግሌው በነጭ ጋዝ ነክረው አሰነበቱት፤ ዘይቱ እየለቀቀ ሥሩ ክሬም የመሰለ ቀለም ወጣ፤ ከዚያም አስተካክለው መሮውን ሳሉበት፤ የክንዳቸውንም ፀጉር ላጩበት። ጾሙ ተፈታና ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዎቹን ታቅፎ መጣ።

«አይሆንም፣ የኔ ልጅ» አሉት። «የአንተ ቢላ አጥንት ያያል፤ መሐሉን ይቦረቡረዋል። ካርቦራንደሙን ውሰድ፣ መደርደሪያው ላይ ነው።»