በዘመነ ዮሐንስ ትምህርት በኢንተርኔት ይሁን ስለ ተባለበት ጊዜ የሚናገር ዜና መዋዕል

ምዕራፍ ፩። በሽታው እንደ ገባና የትምህርት ደጅ እንደ ተዘጋ

በ2012 ዓመተ ምሕረት፣ ዘመኑ ዮሐንስ፣ ወራቱ ዐቢይ ጾም በነበረ ጊዜ፣ መጋቢት 4 ቀን ዓርብ፣ ኮሮና የተባለው በሽታ ኢትዮጵያ መግባቱ ተሰማ። ይህን ለሕዝብ ያስታወቁት የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ ነበሩ፤ ሹመታቸውም ገና የሰሞኑ ነበር። በሽታው የተገኘበት ሰው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበረ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የ1911ን የኅዳር በሽታ አነሡ። በኅዳር በሽታ ዘመን ግን በመላው አገር የነበረው ዘመናዊ ተማሪ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና ስለ ተማሪ የተጻፈ ነገር ብዙ የለም። በዚህኛው ጊዜ ከትምህርት ገበታ የተነሣው 26 ሚሊዮን ያህል ሆነ፤ ስለዚህ የተማሪው ነገር ራሱን ችሎ ሊጻፍ ይገባዋል።

መጋቢት 7 ቀን ሰኞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ አዘዙ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ከግቢያቸው ሳይወጡ እንዲቆዩ ተባለ። ይህ ነገር ለተማሪው አልተዋጠለትም። በአንድ መኝታ ክፍል ብዙ ሆኖ የሚተኛ፣ በአንድ ካፌ በሺህ ተሰልፎ የሚበላ ሰው፣ ተራራቁ ሲባል ወዴት ይራቅ? ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙ ተለወጠ፤ በመጋቢት አጋማሽ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ይግባ አለ። ሚኒስትሯ የቋንቋ ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ሂሩት ወልደማርያም ነበሩ። ባዶ የቀሩት መኝታ ክፍሎችም በብዙ ቦታ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአምስት ወር ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ይህን የአራት ሰው ነገር አንባቢ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ምዕራፍ ፪። የዋግ ልጆች ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ

ወደየቤቱ ከገባው ተማሪ መካከል የዋጉን እንከተል። ዋግ የዛጉዌን ዘር የሚቆጥሩ ዋግሹሞች የገዙት አገር ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ሰቆጣ ከተማው ደጋ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሲወርዱ የአበርገሌ ቆላ ይመጣል፤ በዚያም ኒሯቅ የወረዳው ከተማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተከዜ ነው። የአበርገሌ ሰው ሀብቱ ፍየል ነው፤ ዝናቡ አጭር ነው፤ አፉን የፈታበትም ኽምጥኛ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ላጠፋ ቃል ገባሁ ሲል ያንን ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። ከተማ ስሙ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ችግሩ የታወቀ ሲሆን ነው።

ከዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ በወልዲያ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሌላም ተበትኖ ይማር ነበር። ለአንዳንዱ ይህ መመለስ በዓመቱ ውስጥ ሁለተኛው ሆነ። በጥቅምት መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ደም ፈስሶ፣ ሁከቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ፣ ብዙ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ሸሽቶ ነበርና። አሁን ደግሞ በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም አድርጎ፣ ወይም በላሊበላ በኩል፣ ወደ ዋግ ወጣ። የያዘውም ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንድአውት፣ ስልክና የ15 ቀን ልብስ ነበር። ቤቱ ሲደርስም ከብት የሚጠብቅለት፣ በሬ የሚጠምድለት ሰው ስለ ተገኘ ቤተ ሰቡ ደስ አለው። አሥራ አምስቱ ቀን ግን ከሰባት ወር በላይ ሆነ።

ምዕራፍ ፫። ትምህርት በኢንተርኔት ይሁን ስለ ተባለ

ከዚህ በኋላ በአዲስ አበባ ምክር ተመከረ። ሚኒስቴሩ ነገሩን ለሁለት ከፈለው፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ትምህርቱን በኢንተርኔት ይቀጥል፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም በቪዲዮ ይከላከል። የቅድመ ምረቃ ተማሪ ግን መምህራኑ የሚልኩለትን እያነበበ ግቢው እስኪከፈት ይጠብቅ፤ በኢንተርኔት አይፈተን። ያን ጊዜ በፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና ይመራ የነበረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃውን ትምህርት በዚሁ መንገድ አስኬደ። ከ40 በላይ የሆኑት ሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም እንደየአቅማቸው ተከተሉ።

ስለዚህ ፍርድ ሁለት ነገር ተባለ። አንደኛው ወገን፣ በሽታው መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅምና መቆም ጥፋት ነው፤ የቻለ ይሂድ አለ። ሁለተኛው ወገን የተማሪው ነበር፤ ቅሬታውም ይህ ነው፦ ከአገሩ ሕዝብ ከአራት ሰው ሦስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ኢንተርኔት የማያገኝ ሆኖ ሳለ፣ ላፕቶፕ ያለውና የሌለው፣ ቦሌ የሚኖረውና ተከዜ ዳር የሚኖረው በአንድ መዝገብ ለምን ይመዘናል? የዳታ ጥቅል የሚገዛበት ብር ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ የቀረው ትምህርት በማን ይቆጠራል? ቤተ ሙከራ የሚፈልገው ትምህርት በስልክ መስኮት እንዴት ይታያል? ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ በየወረዳው የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ፤ እነርሱም ለሌላው የሚያስተምሩት ራሳቸው ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ተቀምጠው ነው።

ይህ ክርክር ገና ሳይቋጭ ሰኔ 22 ቀን ማታ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ፤ ታላቅ ሁከትም ሆነ። በማግስቱ መንግሥት በመላው አገር ኢንተርኔቱን ዘጋ። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በሐምሌ አጋማሽ ነው። በዚህ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሰቆጣና አዲስ አበባ እኩል ሆኑ፤ አራት ኪሎ ያለው ተማሪም ኒሯቅ እንዳለው ሆነ። ተማሪው ሲናገረው የነበረውን ነገር መንግሥት በራሱ እጅ አስረዳለት። ቀጥ ብለህ ተማርበት ያለውን መንገድ አዛዡ ራሱ በአንድ ሌሊት የሚዘጋው ከሆነ፣ በዚያ መንገድ ላይ ፈተናና ምርቃት ማቆም እንዴት ይቻላል? የዋግ ሰው ይህን ለመረዳት ረጅም ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

ምዕራፍ ፬። በሌላ አገር ስለሆነው

ይህ ክርክር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ተማሪ ከክፍል ውጭ ነበረና ሁሉም አገር አንድ ጥያቄ ገጠመው።

በፓኪስታን፣ ያን ጊዜ ታሪቅ ባኑሪ ይመሩት የነበረው የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት ያስተምሩ ባለ ጊዜ፣ የባሉቺስታን ተራሮች ልጆች ተቃወሙ። አገራቸው እንደ ዋግ ተራራማና ደረቅ ነው፤ በብዙው ወረዳም ኢንተርኔት አልነበረም። ሰኔ 17 ቀን 2012 በክዌታ ከተማ ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ወንድም ሴትም ሳይለይ በርካታ ተማሪዎችን አፈሰ፤ በዚያው ቀንም ለቀቃቸው።

በሕንድ የሆነውም ይህን ይመስላል። የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ፣ በኃላፊው በዮጌሽ ትያጊ ዘመን፣ ተመራቂዎች በቤታቸው ሆነው መጽሐፍ እያዩ ይፈተኑ፤ ጥያቄውን ከኢንተርኔት አውርደው፣ በእጅ ጽፈው፣ ፎቶ አንሥተው ይላኩ ብሎ አዘዘ። ተማሪዎቹ ተቃወሙ፤ ከመምህራኑም ብዙዎች ከእነርሱ ጋር ቆሙ። ለሙከራ የተከፈተው ድረ ገጽ ተጨናንቆ አልሠራ አለ። ፈተናው ከሰኔ 24 ወደ ሐምሌ 3፣ ከሐምሌ 3 ወደ ነሐሴ ተገፋ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ነሐሴ 1 ቀን ፍርድ ቤቱ ፈቀደ፤ ነሐሴ 4 ቀን፣ የዋግ ልጃገረዶች ለበዓላቸው ለሻደይ በሚሰናዱበት ሰሞን፣ ፈተናው ተጀመረ። ተማሪዎቹ ፈተናውን አላስቀሩትም፤ ግን ድምፃቸው ተሰምቶ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል።

ምዕራፍ ፭። የቀደሙት ተማሪዎች እንዴት ይቃወሙ እንደ ነበር

ነገርን ነገር ያነሣዋልና የኛን የቀደመ ታሪክ እናስታውስ። በኢትዮጵያ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ሹምን ትእዛዝ ሲቃወም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመርቆ ተከፈተ። በልጅ ካሣ ወልደማርያም ፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ በ1957፣ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ያገልግል የሚል ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ሳንጠየቅ ታዘዝን ብለው የተቆጡ ነበሩ። ነገር ግን ሄደው አስተማሩ፤ የገበሬውን ኑሮ አይተው ሲመለሱም ቁጣቸው ከደንቡ አልፎ ወደ ሥርዓቱ ዞረ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም ለቀብሩ ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ላይ ጥይት ተተኮሰ። በ1965 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው የረሃቡን ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢ ውስጥ አሳዩ። ያ ረሃብ ላስታንና ዋግን ያጠቃ ነበርና፣ የደጋው ችግር በግቢው ተማሪ ዓይን ፊት ቆመ።

እነዚያ ተማሪዎች አንድ ነገር ነበራቸው፦ ቦታ። በአንድ ግቢ ይተኛሉ፣ በአንድ ካፌ ይበላሉ፣ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ማታ የተመከረው ጧት ሰልፍ ይሆናል። የ2012ቱ ተማሪ ግን ክፍሉን በተቀማበት ቀን መሰብሰቢያውንም ተቀማ። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ይላል፤ የሚቃወመው ትምህርትም ሆነ የሚቃወምበት መንገድ በዚያው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ኢንተርኔት የለኝም ብሎ የሚጮኸው በኢንተርኔት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ተማሪ ቅሬታ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲሰማ፣ የዋጉ አልተሰማም። የዋግ ተማሪ ተቃውሞ መልኩ ሌላ ነበር፦ አለመገኘት። ፋይሉ ተላከ፣ አላወረደም። ስብሰባው ተጠራ፣ አልገባም። ስሙ ተጠራ፣ አቤት ያለ የለም። ሹማምንት ይህን ስንፍና ብለው ሊጽፉት ይችሉ ነበር፤ የዚህ ዜና ጸሐፊ ግን ተቃውሞ ብሎ ጽፎታል።

ምዕራፍ ፮። መጠበቅ ያስከተለውና የጸሐፊው ፍርድ

ወደ ነገራችን እንመለስ። ሚኒስቴሩ የቅድመ ምረቃውን ተማሪ በኢንተርኔት አልፈትንም ማለቱ ፍትሕ ነበረ፤ ያለው ሄዶ የሌለው እንዳይቀር ሁሉን አቁሟልና። ለዚህ ፍርድ ምስጋና ይገባል፤ በዴልሂ የጎደለውም ይህ ነበር። ነገር ግን ዝም ብሎ መጠበቅም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የከፈለውም ዞሮ ዞሮ ድሃው ነው። የከተማው ልጅ ሲጠብቅ ያነብባል፤ ቤቱ መብራት አለ፤ የሚያበድረው ጓደኛም አለ። የኒሯቁ ልጅ ሲጠብቅ ያርሳል፤ የሴቷም ነገር ሌላ ነው፤ በቤት የቆየች ልጅ ለጋብቻ ትጠየቃለችና።

በነሐሴ ሚኒስትሩ ተለወጡ፤ ፕሮፌሰር ሂሩት ተነሥተው ዶክተር ሳሙኤል ኡርቃቶ ተተኩ። በአዲሱ ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ለይቶ ማቆያ የነበሩት መኝታ ክፍሎች በመድኃኒት ተረጩና ተመራቂዎች ቀድመው በኅዳር አካባቢ ይጠሩ ጀመር። ግን ከዚያ በፊት ጥቅምት 25 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ፈንድቶ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዋግና ወደ ወልዲያ ወረደ። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ ኮምፒውተሩም ቤተ ሙከራውም ጠፋ። መብራትና ስልክ ተቋረጠ። የአበርገሌ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ በሰቆጣ መጠለያ ተቀመጠ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የዋግ ልጅ የቆጠረው የተዘጋ ወራት፣ በበሽታው የተነሣ ከተዘጋው በለጠ። በዘመነ ዮሐንስ ሰባት ወር ጠብቅ የተባለው ተማሪ፣ እነዚያ ሰባት ወራት የመጨረሻዎቹ ደኅና ወራት እንደ ነበሩ አላወቀም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የድኅረ ምረቃው ትእዛዝ የበደለው ኢንተርኔትን በመምረጡ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ባለማኖሩ ነው። የቅድመ ምረቃውም ትእዛዝ የበደለው በማቆሙ አይደለም፤ ካቆመ በኋላ ኢንተርኔት ለሌለው ምንም ባለመላኩ ነው። ለታናናሾቹ ተማሪዎች የሬዲዮ ትምህርት ተሰጥቷል፤ የሬዲዮ ድምፅ ኔትወርክ የማይደርስበት ይደርሳል። ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን የታተመ ሞጁል በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ቢላክለት፣ መልሱንም በዚያው ቢመልስ፣ ከባድ ነገር አልነበረም፤ የርቀት ትምህርት በአገራችን በፖስታና በሞጁል ብዙ ዘመን ተሠርቶበታልና። የጎደለው ብር ከሆነ ብሩ ይነገር፤ የጎደለው ማሰብ ከሆነ ግን ይህ ይጻፍ፤ እኔም ጽፌዋለሁ።

ወደ ፊት በሽታም ጦርነትም ሊመጣ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲም ዳግመኛ ይዘጋ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሾም ፕሬዚዳንት ትእዛዙን ከመፈረሙ በፊት ከተማሪዎቹ መዝገብ ቤቱ እጅግ የራቀውን አንዱን ይምረጥና፣ ይህ ልጅ ነገ ጧት በምን ይማራል ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካገኘ ይፈርም። ካላገኘ ደግሞ የአልተገኘም ምልክት ከልጁ ስም አጠገብ ሳይሆን ከራሱ ስም አጠገብ ያድርግ።

ተፈጸመ።